«ሊኑክስ ለጀማሪ አይሆንም» ላሉት ጸሐፊ፦ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። አራቱ «እውነት ነው እንዴ?» ብለው ነው የላኩት። አምስተኛዋ ግን «በቃ ተውኩት» አለችኝ። ላፕቶፗ ላይ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒዩተር የሚያሠራውን ነጻ ሲስተም፣ ሊኑክስን፣ ልትጭን ማስነሻ (ቡታብል) ፍላሿን አዘጋጅታ ጨርሳ ነበር። ጽሑፉን አንብባ ስትጨርስ ፍላሹን መልሳ ፎርማት አደረገችው። ይህን ምላሽ የምጽፈው በዋናነት ለእሷ ነው። ለጸሐፊውም ጭምር ነው፤ ጽሑፋቸው ውስጥ ያለው ምሬት የእውነት መሆኑ ያስታውቃል።

የጽሑፉን ፍሬ ነገር ሳላዛባ ላስቀምጠው። ጸሐፊው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ይጭናሉ። ዋይፋዩ አልሠራ ይላል። ከዚህም ከዚያም ያገኙትን ትእዛዝ ተርሚናል ላይ (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ነው) ይለጥፋሉ። በሁለተኛው ቀን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። እንደ አዲስ ይጭኑታል፤ ዋይፋዩ አሁንም የለም። በሦስተኛው ቀን ወደ ዊንዶውስ ይመለሳሉ። ከዚህ ተነስተው ሰባት ነገር ይደመድማሉ። ተርሚናል ሳይነኩ መጠቀም አይቻልም። ዲስትሮው (የሊኑክስ ዓይነቱ) በዝቶ ጀማሪን ግራ ያጋባል። ሲጫን ፋይል ያጠፋል። ሃርድዌር አይቀበልም። ሲበላሽ ረዳት ስለሌለ ያለው መፍትሔ እንደገና መጫን ብቻ ነው። ነጻ ስለሆነ ባለቤት የለውም፣ ኮዱም ለሌባ ክፍት ነው። የለመድናቸው ፕሮግራሞችም የሉም።

ያሳለፉትን ሦስት ቀን አልጠራጠርም። እንዲህ ያለ ሦስት ቀን ያሳለፉ ሰዎችን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የምከራከረው ድምዳሜያቸው ላይ ነው። እኔ እስከማየው ድረስ ጀማሪን አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ቅደም ተከተሉን የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው። መጨረሻ መሠራት ያለበት መጀመሪያ ይሠራል፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሳይታይ ይታለፋል።

«ተርሚናል ሳይነኩ መጠቀም አይቻልም»

ድሮ ቢባል እቀበለው ነበር። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ሲለቅ ተጠቃሚዎቹ ፕሮግራመሮች ነበሩ። ኡቡንቱ የሚባለው ዲስትሮ በ2004 ከመጣ ወዲህ ግን ነገሩ ተቀይሯል። ዛሬ ሊኑክስ ሚንት ላይ ፕሮግራም መጫን ስልክ ላይ አፕ ከመጫን አይለይም፤ ስሙን ትፈልጋለህ፣ ትጫናለህ፣ አለቀ። አፕዴቱ፣ ድራይቨሩ (ሃርድዌሩን የሚያሠራው ፕሮግራም)፣ ፕሪንተሩ፣ ብሉቱዙ ሁሉም የራሳቸው መስኮት አላቸው። አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ የሊኑክስ ከርነል ይዞ እንደሚዞርም አንርሳ። ስልክ ከኮምፒዩተር ይለያል፣ አውቃለሁ። ግን ሊኑክስ በባሕርይው ትእዛዝ ካልተጻፈበት አይሠራም ለሚለው ሐሳብ በቂ መልስ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ልክ ናቸው። ችግር ሲፈጠር የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው በትእዛዝ ነው። ምክንያት አለው። «እዚህ ጋ ተጫን፣ ከዚያ ሦስተኛውን ምረጥ» የሚል መመሪያ የአንዱ ዲስትሮ ከሌላው አይገጥምም። አንድ መስመር ትእዛዝ ግን ለብዙዎቹ አንድ ነው፤ የሚመጣውንም መልስ ኮፒ አድርጎ መላክ ይቻላል። ለረጂው ይቀልለዋል። ጀማሪውን ግን ያስፈራዋል፣ ከዚያም የከፋ ነገር ያመጣል፦ ያልገባውን መለጠፍ ይጀምራል።

ጸሐፊው ላይ የደረሰው ይህ ይመስለኛል። ዋይፋዩ ቢጠፋም ስክሪኑ ጤነኛ ነበር። ስክሪኑ ጥቁር የሆነው ትእዛዞቹ ከተለጠፉ በኋላ ነው። እኔ ለጀማሪ የምሰጠው ሕግ አንድ ነው። ትእዛዙ ምን እንደሚያደርግ በራስህ ቋንቋ መናገር ካልቻልክ አትለጥፈው። በተለይ «ሱዶ» (sudo) በሚል ቃል የሚጀምር ከሆነ። ሱዶ ማለት «የማሽኑ ሙሉ ሥልጣን ይሰጠኝ» ማለት ነው። (በብዙ ዲስትሮ ላይ ሱዶ ፓስወርድ ሲጠይቅ የምትጽፈው ፊደል በኮከብም በነጥብም አይታይም። ኪቦርዱ አልተበላሸም። ጽፈህ ኢንተር መምታት ነው። በዚህ ብቻ ተስፋ የቆረጡ ሰዎች አውቃለሁ።)

«ዲስትሮው በዝቷል»

በዝቷል፤ በመቶዎች ይቆጠራል። ግን ጀማሪ ከሁሉም መካከል እንዲመርጥ ማን አስገደደው? ሊኑክስ ሚንት ወይም የኡቡንቱ ኤልቲኤስ ቅጂ ይበቃዋል። ኤልቲኤስ የሚባሉት በየሁለት ዓመቱ የሚወጡና ለ5 ዓመት አፕዴት የሚያገኙት ናቸው፤ በ2024 የወጣው 24.04 አንዱ ነው። ዋናው የሚንት እትም የሚሠራው ኡቡንቱ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ የአንዱ መፍትሔ በአብዛኛው ለሌላውም ይሆናል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን መምረጥ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ የሚገጥምህ ችግር ካንተ በፊት ሌላ ሰው ገጥሞታል። ጸሐፊው ራሳቸው ሚንትን መርጠዋል። ምርጫቸው ጥሩ ነበር፤ ለምን እንደ ችግር እንደቆጠሩት አልገባኝም።

«ሲጫን ፋይል ያጠፋል»

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ ጉዳዩ የሰው ፎቶና የሰው ሥራ ነው።

ፋይል ይጠፋል? አዎ፣ ሊጠፋ ይችላል። የእኔ ጠፍቷል። የመጀመሪያ ቀኔ ላይ «ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ መጫን» የሚለውን ሳላነብ መረጥኩ። የሁለት ዓመት ፎቶ ሄደ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ያ የፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም። ዛሬም ያንን ቀን ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ የጸሐፊውን ማስጠንቀቂያ አላጣጥልም።

ግን ዊንዶውስንም እንደ አዲስ ስንጭን ዲስክ ፎርማት እናደርጋለን። በዚያኛው ባክአፕ መያዝ ግዴታ መሆኑን ሁላችንም እንቀበላለን። በዚህኛው ሲሆን የሲስተሙ ጥፋት የሚሆነው ለምንድን ነው? ሊኑክስ ሚንትም ኡቡንቱም ሲጫኑ በግልጽ ይጠይቃሉ፦ ከዊንዶውስ ጎን ልጫን፣ ወይስ ሁሉን ላጥፋ፣ ወይስ ቦታውን ራስህ ትከፋፍላለህ? የመጨረሻው ገጽ ደግሞ የትኛው ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) እንደሚነካ ይዘረዝራል። ያ ገጽ እስኪታለፍ ድረስ መመለስ ይቻላል። እዚያ ላይ ቆም ብሎ ማንበብ አምስት ደቂቃ ነው።

ከዚያ በፊት መሠራት ያለበት ነገር አለ፤ ጽሑፉ ውስጥ አንዱም አልተጠቀሰም።

መጀመሪያ ባክአፕ፣ በውጭ ዲስክ ላይ። ኮፒ ማድረግ ብቻ አይበቃም። ዲስኩን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክተህ ሁለት ሦስት ፋይል ከፍተህ እይ። ያልተከፈተ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም።

ቀጥሎ ቢትሎከር፣ የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ። ብዙ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቀው ዲስኩ ተቆልፎ ነው የሚገኘው። የማስነሻውን ነገር ስትነካካ ዊንዶውስ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቅሃል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ የማይክሮሶፍት አካውንትህ ውስጥ ተቀምጧል። ሳትጀምር ፈልገህ ወረቀት ላይ ጻፈው። «ሊኑክስ ዊንዶውሴን ገደለብኝ» ብሎ የሚያማርር ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ቁልፍ ነው።

ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን አጥፋ። ይህ ሲበራ ዊንዶውስ ስትዘጋው በደንብ አይዘጋም፤ ዲስኩን እንደያዘ ያሸልባል። ሊኑክስ ይህን ሲያይ ዲስኩ እንዳይበላሽ ብሎ ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል። ጀማሪው ግን «ፋይሌን ሴቭ አላደርግም አለኝ» ብሎ ይደነግጣል።

ያወረድከውን ፋይልም አረጋግጥ። ያወረድክበት ገጽ ላይ ሻ256 የሚባል ረጅም የማረጋገጫ ቁጥር ይሰጣል። ያንተ ፋይል ቁጥር ከዚያ ጋር ካልገጠመ ሲወርድ ተበላሽቷል፤ ሲጫን መሃል ላይ ይቆማል፣ አንተም ጥፋቱን ሌላ ቦታ ትፈልጋለህ።

ለጸሐፊው የምሰጠው ነጥብም አለ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ሲጫን ዲስኩን ጭራሽ አያየውም። ምክንያቱ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት ሴቲንግ) ውስጥ የዲስኩ አሠራር የኢንቴል አርኤስቲ በሚባለው መንገድ መደረጉ ነው። ወደ ኤኤችሲአይ መቀየር ያስፈልጋል፤ ዊንዶውስን ሳያዘጋጁ ከቀየሩት ደግሞ ዊንዶውሱ አልነሳ ሊል ይችላል። ይህ ለጀማሪ ብቻውን የሚተው ሥራ አይደለም። እዚህ ጋ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ አለበት።

«ሃርድዌር አይቀበልም»

የጽሑፉ ጠንካራ ክርክር ይህ ነው። ሰው ሁሉ የተቀባበለውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ስለዚህ እዚህ ላይ ልቆይ።

ጸሐፊው ጭነው ከጨረሱ በኋላ ነው ዋይፋዩ እንደሌለ ያወቁት። ሳይጭኑ ማወቅ ይችሉ ነበር። ሚንትም ኡቡንቱም ከፍላሹ ላይ በቀጥታ ይነሳሉ፤ ዲስኩ ሳይነካ። ኮምፒዩተሩን ስታስነሳ ኤፍ12 ወይም ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕን (እንደ ማሽኑ ይለያያል) ተጭነህ ፍላሹን ትመርጣለህ። ዴስክቶፑ ሲመጣ ቁጭ ብለህ ትፈትሻለህ። ዋይፋይ ይታያል? ድምፅ አለ? ካሜራው ይበራል? የስክሪኑ ብርሃን ይጨምራል ይቀንሳል? ክዳኑን ዘግተህ ስትከፍት ይነቃል? ከፍላሽ ስለሆነ ትንሽ ይዘገያል፤ ያ የተለመደ ነው። አጥፍተህ ፍላሹን ስታወጣ ዊንዶውስህ እንደነበረ ነው። ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ይህ ፍተሻ የጸሐፊውን ሦስት ቀን ያድን ነበር።

ዋይፋዩ አልታየም እንበል። በአሮጌ ላፕቶፖች ላይ በተደጋጋሚ የማየው ጥፋተኛ ብሮድኮም የሚባለው ቺፕ ነው። ሊኑክስ ቺፑን ስለማያውቀው አይደለም። ለብዙዎቹ የብሮድኮም ቺፖች የሚያስፈልገው ድራይቨር ክፍት ሶፍትዌር ስላልሆነ ከሌላው ጋር ተነስቶ አይመጣም፤ ለብቻው መጫን አለበት። ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ዋይፋይ ያስፈልጋል። ጀማሪ እዚህ አዙሪት ውስጥ ሲገባ መውጫ የሌለው ይመስለዋል።

መውጫው አጠገቡ ያለው ስልክ ነው። አንድሮይድ ስልክህን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ኢንተርኔት በዩኤስቢ የማጋራቱን ምርጫ አብራ። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ባለገመድ ኔትወርክ ያየዋል፤ ምንም ድራይቨር አይጠይቅም። ብዙ ስልኮች የያዙትን ዋይፋይ ራሱ በገመዱ ያሳልፋሉ። ከዚያ «ድራይቨር ማኔጀር» የሚለውን ትከፍታለህ (ኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» ይባላል)፣ የሚመከረውን ትመርጣለህ፣ ሪስታርት። ይህን ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አላስታውስም። ሰው ፊቱ ሲበራ ማየት ደስ ይላል። ጽሑፉ ላይ ስንት ትእዛዝ እንደተለጠፈ ሳነብ ያዘንኩትም ለዚህ ነው። አንድ ገመድ ነበር የጎደለው።

ጥቁር ስክሪንም የራሱ የታወቀ ምክንያት አለው። የኤንቪዲያ ካርድ ባለባቸው ማሽኖች ላይ ከሊኑክስ ጋር የሚመጣው ክፍት ድራይቨር አንዳንዴ ከካርዱ ጋር አይስማማም። መጀመሪያ በሚመጣው የማስነሻ ዝርዝር ላይ «ኢ» (e) የሚለውን ፊደል ትጫናለህ። «ሊኑክስ» (linux) ብሎ የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ኖሞድሴት (nomodeset) የሚለውን ቃል ትጨምርና ኤፍ10 ትመታለህ። ለዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ገብተህ ግን ከድራይቨር ማኔጀር ትክክለኛውን ድራይቨር ለመጫን ይበቃሃል።

የማልክደውም አለ። የጣት አሻራ ማንበቢያ ብዙ ላፕቶፕ ላይ አይሠራም። አንዳንድ ስካነሮችም ያስቸግራሉ። ማሽንህ ያለ እነዚህ የማይሆንልህ ከሆነ አስቀድመህ ፈትሽ።

ደግሞ ስለ አሮጌ ላፕቶፕ ከተነሳ አይቀር፣ ሃርድዌር የማይቀበለው ማን ነው? ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ፣ 4 ጊጋባይት ራም እና ማይክሮሶፍት የፈቀደው ዓይነት ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በመሃል የቀረው ሙሉ ጤነኛ ማሽን ቁጥር ስፍር የለውም። ሚንት 22 ቢያንስ የሚጠይቀው 2 ጊጋባይት ራም ነው፤ በምቾት ለመሥራት ግን 4 ቢኖር ይመከራል።

«ሲበላሽ ያለው መፍትሔ እንደገና መጫን ነው»

ጽሑፉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዲሰረዝ ብጠየቅ ይህን እመርጣለሁ። ብዙ ጀማሪ የሚጎዳው በዚህ ምክር ነው።

«ፎርማት አድርገው» የሚለው መልስ ከድሮ ጀምሮ አብሮን ኖሯል። ማሽን ሲዘገይ ፎርማት፣ ቫይረስ ሲገባ ፎርማት። ሊኑክስ ላይ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ነው የሚሆነው። ማስረጃው ራሱ ጽሑፉ ውስጥ አለ። ጸሐፊው እንደገና ጫኑ፤ ዋይፋዩ ዳግም አልሠራም። ሊሠራም አይችልም ነበር። የጎደለው ድራይቨር መጀመሪያ ሲጫን ካልነበረ ሁለተኛም ሲጫን የለም። የተገኘው ነገር ቢኖር እስከዚያ ድረስ የተስተካከለውን ሁሉ ማጣት ነው።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ጓደኛዬ ማታ ላይ ደወለችልኝ። «ሲስተሙ ተበላሽቷል፣ ፕሮግራም አይጭንም፣ እንደ አዲስ ልጭነው ነው» አለችኝ። ሳትነካው ጠብቂኝ ብያት ሄድኩ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ አለ። ብዙ ነው፤ ያስፈራል። የመጨረሻውን መስመር ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ አልኳት። አነበበችው። «ሌላ ፕሮሰስ እየተጠቀመበት ነው ወይ?» ነው የሚለው፤ ጥያቄ ነው። ከፍ ብሎ ደግሞ የያዘውን ፕሮሰስ ስምና ቁጥር ጽፎታል፦ ራሱን በራሱ አፕዴት የሚያደርገው ፕሮግራም ነበር። ማሽኑ የተበላሸ ነገር የለውም፤ በጓሮ በኩል የደኅንነት አፕዴት እየጫነ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ መዝገብ ላይ እንዳይጽፍ በሩን ቆልፎታል፣ በቃ።

እሷ ግን ቀድማ መፍትሔ ፈልጋ ነበር። ያገኘችው ምክር «የመቆለፊያውን ፋይል ሰርዘው» የሚል ነው። ያንን ብታደርግ ኖሮ አፕዴቱ መሃል ላይ ይረበሽና የፕሮግራሞቹ መዝገብ በእርግጥ ይበላሽ ነበር። ቡና ጠጣን። ስንጨርስ እንደገና ሞከረችው። ተጫነ።

ትምህርቱ ብዙ እውቀት አይጠይቅም። የስህተት መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብብ። ሊኑክስ ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን ይናገራል፤ የሚናገረው ግን በማያምር፣ ቃሉ ባልተመረጠ ቋንቋ ስለሆነ ዓይናችን ይሸሸዋል።

ቀጥሎ ራስህን ጠይቅ፦ ትናንት ይሠራ ከነበረ፣ ከትናንት ወዲህ ምን ቀየርኩ? አፕዴት ካደረግክ በኋላ ማሽኑ አልነሳ ካለ የማስነሻው ዝርዝር ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚል አለ። ዝርዝሩ ካልታየህ ስታስነሳ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ሞክር። እዚያ ውስጥ የቀድሞው ከርነል ተቀምጦልሃል። እሱን ስትመርጥ ከተነሳ ፋይልህም ሲስተምህም ደህና ናቸው፤ ችግሩ አዲሱ ከርነል ላይ ነው። ይህንን ያህል ማወቅ ብቻ ስንት እንደገና መጫን ያስቀራል።

ሌላው የምወደው ምሳሌ ይህ ነው። ፓስወርድህን ትጽፋለህ፣ ስክሪኑ ብልጭ ይላል፣ መልሶ ፓስወርድ ይጠይቅሃል። ደግመህ ትጽፋለህ፣ ደግሞ ይመልስሃል። ሰው ፓስወርዱ የተሳሳተ ይመስለዋል፤ ወይም ቫይረስ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ዲስኩ ሞልቶ ነው። ዴስክቶፑ ሲከፈት ትንንሽ ፋይል መጻፍ ይፈልጋል፤ ቦታ ሲያጣ ይወድቃል። ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3ን አንድ ላይ ስትጫን ጽሑፍ ብቻ ያለበት ስክሪን ይመጣል፤ እዚያ ፓስወርዱ ይገባል። የዲስኩን ቦታ የሚያሳየው ትእዛዝ ዲኤፍ (df) ነው። መቶ በመቶ ካለህ መልሱን አገኘህ። ፓስወርድ እየቀየሩ ሌሊቱን ማሳለፍ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

አስቀድሞ የሚደረግ ዋስትናም አለ። ሚንት ታይምሺፍት ከሚባል ፕሮግራም ጋር ይመጣል። የሲስተሙን ሁኔታ ቀርጾ ያስቀምጥልሃል፤ አንድ ነገር ስታበላሽ ወደዚያ ቀን ትመለሳለህ። የመጀመሪያ ቀን አብራው። ግን ካልነገርከው በስተቀር የግል ፋይልህን አይቀርጽም፤ የፎቶህ ባክአፕ ሌላ ነው።

ረዳት የለም ስለሚለው ግን ጸሐፊው ያሉት ግማሹ እውነት ነው፣ አፍሬም ነው የምቀበለው። ጀማሪ ጠይቆ «ማኑዋሉን አንብብ» የሚል መልስ ይሰጠዋል። እንዲህ የሚመልሱ ሰዎች አሉ። የመጀመሪያ ቀኑን ረስቶ የሌላውን የመጀመሪያ ቀን የሚያበላሽ ሰው አዝንበታለሁ። ሌላው ግማሽ ደግሞ አጠያየቅ ላይ ነው። «ዋይፋይ አይሠራም፣ እርዱኝ» ለሚል ሰው ማንም ሊረዳው አይችልም። የላፕቶፑን ሞዴል፣ የዲስትሮውን ስምና ቁጥር፣ የስህተቱን ቃል እንዳለ፣ እስካሁን የሞከርከውን ጻፍ። አራት መስመር ናቸው። እነዚህ ሲኖሩ መልስ የሚሰጠው ሰው ቁጥር በእጥፍ ሲጨምር አይቻለሁ።

«ባለቤት የለውም፣ ኮዱም ለሌባ ክፍት ነው»

ባለቤት የለውም የሚለውን ቶሎ ልለፈው። ኡቡንቱን የሚያወጣው ካኖኒካል የሚባል ኩባንያ ነው። ሬድ ሃት ከሚባለው ሌላ የሊኑክስ ኩባንያ ጀርባ ደግሞ አይቢኤም አለ፤ በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ፈቃዱ ላይ «ዋስትና የለውም» ተብሎ መጻፉ እውነት ነው። በገንዘብ የሚሸጡ ሶፍትዌሮችም ውላቸው ተጠያቂነትን በእጅጉ ይገድባል፤ ስንቀበለው አናነበውም እንጂ።

የኮዱ ነገር የበለጠ ክብደት አለው። ጸሐፊው በ2024 የተገኘውን የኤክስዜድ ጉዳይ አንስተዋል። እውነት ነው፣ ሆኗል። አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ ታማኝ መስሎ ሲሠራ ቆይቶ፣ ብዙ ሲስተሞች የሚጠቀሙበት ፋይል መጭመቂያ ውስጥ ስውር በር ከተተ። ቀላል ነገር አይደለም። ክፍት መሆን ብቻውን አያድንም፤ በዚህ እስማማለሁ።

ግን እንዴት እንደተገኘ አልነገሩንም። አንድሬስ ፍሬውንድ የሚባል ኢንጂነር ወደ ማሽኑ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከነከነው። ተከታትሎ ኮዱን ከፈተና አገኘው። ኮዱ ዝግ ቢሆን ኖሮ ከመዘግየቱ አልፎ ምን ሊያይ ይችል ነበር? ደግሞም ስውሩ በር የተገኘው በአብዛኛው ገና በሙከራ ላይ በነበሩ ቅጂዎች ውስጥ ነው። እኔ ለጀማሪ የምመክራቸው የረጋ ቅጂ ያላቸው ናቸው፤ እነሱ ጋ አልደረሰም።

«የለመድናቸው ፕሮግራሞች የሉም»

አንዳንዶቹ የሉም፤ ልክ ናቸው። ፎቶሾፕ በቀጥታ አይጫንም። አውቶካድም እንዲሁ። ማጭበርበር ለመከላከል ከርነል ውስጥ የሚገቡ ጌሞችም፣ ለምሳሌ ቫሎራንት፣ አይሠሩም። እንጀራህ በእነዚህ ላይ ከሆነ ዊንዶውስህን አታጥፋ፤ ጎን ለጎን ጫን። (ጎን ለጎን ሲሆን የሁለቱ ሰዓት ይለያያል። ዊንዶውስ የአካባቢውን ሰዓት፣ ሊኑክስ ደግሞ የዓለም አቀፉን ሰዓት ስለሚጽፉ ነው። በአንድ ሴቲንግ ይስተካከላል።) ለአብዛኛው ሰው ግን ሥራው ብራውዘር፣ ሰነድ፣ ቪዲዮና ሙዚቃ ነው። ሊብሬኦፊስ የዎርድ ፋይል ይከፍታል። አሰላለፉ ሲዛነፍ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፎንቱ አለመኖሩ ነው። ካሊብሪ ለሌለው ካርሊቶ የሚባል በልኩ የተሠራ ነጻ ፎንት አለ፤ እሱን ስትጭን መስመሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ለሥራ የምትልከውን ሰነድ ግን ፒዲኤፍ አድርገህ ላከው።

ጸሐፊው ሆይ፣ ያ ላፕቶፕ አሁንም እጅዎ ላይ ካለ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ፍላሹን ይሰኩና ሳይጭኑ ያስነሱት። ስልክዎን በገመድ ያገናኙ፣ ኢንተርኔት ማጋሪያውን ያብሩ። ድራይቨር ማኔጀርን ይክፈቱ። ብሮድኮም የሚል ስም ካዩ የሚመከረውን ይምረጡ። ካላዩ ደግሞ ተርሚናል ላይ ኤልኤስፒሲአይ (lspci) የምትለውን ትእዛዝ ብቻ ይጻፉ። እሷ ምንም አትቀይርም፤ ውስጥ ያሉትን ካርዶች ስም ትዘረዝራለች። «ኔትወርክ» የሚለውን መስመር ኮፒ አድርገው ይላኩልኝ። ቀሪውን አብረን እናየዋለን።